ማንም አይጡረኝ

መምህርት ጥሩወርቅ ደብረ ታቦር ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ጥምር ግሶችን አጥብቃ ትጠላለች፤ «ሁለት የማውቃቸው ቃላት ተጋብተው የማላውቀው ልጅ ይወልዱብኛል» ትላለች። አርብ ጠዋት የደረሳት «ሉክ አፍተር» ነበር።

«ሉክ ማየት ነው፤ አፍተር በኋላ ነው፤ አንድ ላይ ግን በኋላ ማየት አይደለም» ብላ ጀመረች። «እኛ ልጅ እናሳድጋለን፤ በሽተኛ እናስታምማለን፤ ከብት እንጠብቃለን፤ ሽማግሌ እንጦራለን። እንግሊዝ ለሁሉም ይችኑ አንዷን ይላል።» ለምሳሌ ይሁን ብላም «አባቴን እጦራለሁ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ጻፈች።

ስመኝ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አባትዎ ከእርስዎ ጋር ነው የሚኖሩት?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የጥሩወርቅ እውነት ግን ማደርም አላስፈለገውም። አባቷ አቶ ይሻው የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ ጋፋት ላይ ብቻቸውን ነው። ባለፈው ክረምት ደጃቸው ላይ አንሸራቷቸው ወድቀው፣ ጎረቤት እስኪያገኛቸው ዝናብ ሲደበድባቸው ውሏል። ከዚያ ወዲህ ስልካቸው ካልተነሳ ልቧ ይሰቀላል። ከእኔ ጋር ይኑሩ ባለቻቸው ቁጥር ግን «እኔን ማንም አይጡረኝ! ክንዴ ገና አልዛለም» ይሏታል።

ከሰዓት በኋላ ጋፋት ሄደች። ልመና እንደማያዋጣ ስለምታውቅ ዘዴ ይዛ ነበር።

«አባባ፣ አንዲት እናት በግ ገዝቻለሁ። ግቢዬን ሳር ሞልቶታል፤ ትምህርት ቤት ስውል ግን የሚያያት የለም። መጥተው በርቢ ቢይዙልኝስ? ግልገሏን እኩል እንካፈላለን።»

የሰው ከብት በርቢ መያዝ በአገሩ የብርቱ ሰው ውል ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም። አቶ ይሻው ጢማቸውን አሻሹ።

«ስንት ጊዜ ወልዳለች?»

«አንዴ... ሁለቴ» አለች ጥሩወርቅ።

ሽማግሌው ተነሱ። አጎዛቸውን ጠቀለሉ፤ ቤቱን ቆልፈው ቁልፉን ለጎረቤት ሰጡ። ጥሩወርቅ በደስታ ዕንባዋ መጣ፤ በግ የሌለበት ግቢዋ ትዝ ሲላት ደግሞ ላብ አጠመቃት።

መንገድ ዳር ባጃጅ ሲጠብቁ አባቷ ምርኩዛቸውን ተደግፈው አዩዋት።

«በጓ ገና አልተገዛችም፣ አይደል?»

ጥሩወርቅ መሬት መሬት አየች። «አልተገዛችም፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ነገ ገበያ ነው» አሉ። «አብረን እንወጣለን። ብቻሽን ብትሄጂ አሮጊት በግ ነው የሚያሸክሙሽ።»