አማቼ በረግረጉ ላይ የተራመዱበት ረቡዕ

ረቡዕ ዕለት ከመቀሌ ወደ ዓይናለም የወጣነው ለሽርሽር አልነበረም። አማቼ አቦይ ሐጎስ ጉልበታቸው ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ሦስት ወር ሆኖታል። ሐኪሙ፣ «በደልዳላ መንገድ ያለ ድጋፍ ይሞክሩ፤ ካቃታቸው እንደገና መክፈታችን ነው» ብሎናል። ከከተማው ዳር ባለው ረግረግ ላይ ወጣቶች የጣውላ መንገድ ዘርግተዋል ሲባል ሰምቼ፣ ከዚያ የተሻለ ደልዳላ ከየት አመጣለሁ አልኩ።

ሰባት ሰዓት

ጠዋት ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ስላረፈድኩ የተነሳነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ባጃጅ ኮንትራት ያዝን። ሾፌሩ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ቀስ ሲል አቦይ፣ «ንዳው እንጂ፣ እንቁላል አልጫንክ!» ይሉታል።

«ምሳ በልተዋል?» አልኳቸው።

«እወ፣ በልቻለሁ።»

የጣውላው መንገድ አጭር ነው፤ ጤነኛ ሰው በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል። ግራና ቀኙ ፊላና ቄጠማ፣ ከሥሩ ጥቁር ውሃ። ዳክዬዎቹ ሰው አጠገባቸው ሲያልፍ እንኳ ንቅንቅ አይሉም። መቀሌን በድንጋይና በአቧራዋ ብቻ የማውቃት የጎጃም ልጅ፣ አገር ቤት የገባሁ መሰለኝ።

አቦይ ምርኩዛቸውን ሰጥተውኝ ጀመሩ፤ እኔ ከኋላ ተከተልኩ። ደህና ሄዱ። መሐል ላይ ሲደርሱ ግን ፊታቸው አመድ መስሎ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

«ጉልበትዎ ነው?»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ክው አልኩ። ለባለቤቴ ለለተይ ምን ብዬ እንደምነግራት ማሰብ ጀመርኩ።

«ጉልበቴስ ደህና ነው፤ ዞረብኝ» አሉ በመጨረሻ። ውሃ ሳቀርብላቸው ግን ጠርሙሱን በእጃቸው መለሱት። «ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም።»

ለካ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሱም! ከሆስፒታል ሲወጡ የነፍስ አባታቸው እስኪያገግሙ ጾሙን እንዲተዉ ነግረዋቸዋል። ብሽቅ ብዬ ለቄሱ ደወልኩና ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጋሁት። የቄሱ ድምፅ ለእኔም ይሰማኝ ነበር።

«ሐጎስ፣ ይኼ ጾም አይደለም፣ እልህ ነው። ብላ!»

ውሃውንም፣ ለራሴ የያዝኳቸውን ሁለት ሙዞችም ጨረሱ። ትንሽ ቆይቶ ፊታቸው ተመለሰ። ከዚያ ተነሱና እስከ መንገዱ ጫፍ ሄደው ተመለሱ፤ ያለ ምርኩዝ፣ ያለ እኔ እጅ። ከኋላ እየተከተልኩ ብቻዬን ሳቅሁ። ሦስት ወር የተሸከምኩት ነገር ከደረቴ ላይ ወረደ።

ቤት

ለተይ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀን ዓይኗ የአባቷ ጉልበት ላይ ነበር። አቦይ ማንንም ሳይደገፉ ደረጃውን ወጥተው አለፏት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ምሳ ቀርቦ እየበላን፣ «ለምን ዋሹኝ?» አልኳቸው።

«ስእለት ነበረብኝ፣ ወደይ፣ ልጄ። እንደገና እንዳይከፍቱኝ እየለመንኩ ነበር። ያኔ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገፉኝ እንዴት እንደፈራሁ ለማንም አልተናገርኩም።»

አፈርኩ። ሦስት ወር ሙሉ ስለ ጉልበታቸው በየቀኑ ስጠይቅ፣ ፈርተው እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ጉዞው ያስተማረኝ ይህንን ነው።

«እኔም ፈርቼ ነበር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ እየጎረሱ። «ከኋላዬ ስትንቀጠቀጥ ጣውላው እስከ እግሬ ድረስ ይነግረኝ ነበር።»