ለሰው እናት ሃያ አራት ዲግሪ

ከጉለሌ የወጣሁ ዕለት እናቴ ማንን አቅፋ ስታለቅስ ያመሸች ይመስላችኋል? ትዕግስትን! ታናሽ እህቴ ጉንፋን ይዟት ሶፋው ላይ ተጠቅልላለች። ታክሲው ደጅ ላይ ጡሩምባውን ይነፋል፣ እኔ ሻንጣዬን ይዤ ቆሜያለሁ። እማዬ ግን "እሷ እንዲህ ሆና ኤርፖርት አልሄድም" ብላ ቀረች። ጸለየችልኝ፣ ግንባሬን ሳመችኝ፣ በቃ። ስምንት ዓመት አለፈው፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ያለሁት ስኮትላንድ ነው። ሥራዬ ለእረፍት የሚመጡ ሰዎች የሚከራዩትን ቤት ማጽዳትና ማሞቅ ነው። አዎ፣ ማሞቅ! የእንጦጦ ብርድ በበር ስር ሲገባብን በጨርቅ ወትፈን እንተኛ የነበርነው ሰዎች! እኛ አገር ራዲያተር ያለው መኪና ውስጥ ነው፤ እዚህ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሙቅ ውሃ ይዞርበታል፣ እኔ ደግሞ በስልኬ ከፍና ዝቅ አደርገዋለሁ። የእንግዶቹ ነገር ግን ጉድ ነው፤ ሙቀቱን አስጨምረው መስኮት ይከፍታሉ። ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ቢሆኑ ተሳፋሪው ሁሉ "ኧረ ዝጉት!" ብሎ ይጮህባቸው ነበር።

የቤቱ ባለቤት ሚስስ ሞራግ ሙቀቱ ከሃያ ዲግሪ በላይ እንዲወጣ አትወድም። አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ "ከገና በኋላ ቤቱ ባዶ ሲሆን እናቴ መጥታ አንድ ወር ትረፍበት?" አልኳት።

"ይቻላል፣ ሃያ ዲግሪውን ካከበርሽ።"

"እናቴ እኮ ሰባ ዓመቷ ነው።"

"ሹራብ የላትም?"

ይሁን አልኩ። እማዬን አንድ ወር ሙሉ ለብቻዬ፣ ትዕግስት በሌለችበት! ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

ኅዳር ላይ አንዲት ሴት እናቷን ይዛ መጣች። ኮታቸውን ስታወልቅላቸው፣ እግራቸውን ትራስ ላይ ስትሰቅልላቸው አየሁና ቅናት አንጀቴን አሳረረው። ማታ ደወለችልኝ።

"እናቴን በርዷታል፣ እባክሽ ሃያ አራት አድርጊልን።"

"አይቻልም፣ ሕግ ነው።"

ሕጉን ፈርቼ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደስ እያለኝ ነው የከለከልኳት። እናቷ አጠገቧ እያለች ደግሞ ሙቀት አማራት? አልኩ በሆዴ።

በነጋታው ፎጣ ልቀይር ሄድኩ። አሮጊቷ ኮታቸውን ከነኮፍያቸው ለብሰው ወጥ ቤት ተቀምጠዋል። ልጃቸው ተንበርክካ እግራቸውን ታሻሻለች። እኔን ሲያዩ "ነይ ልጄ፣ ከውጭ ነው የመጣሽው፣ ሻይ ጠጪ" አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ስልኬን አወጣሁና ሃያ አራት አደረግኩት።

ሻዩን ሳልጨርስ ሚስስ ሞራግ ደወለች፤ ለካ በእሷም ስልክ ይታያል።

"ሃያ አራት ይላል!"

"እናትየዋን በርዷቸው ነው።"

"ሹራብ የላትም?"

"አላቸው። ከነሹራባቸው በርዷቸዋል።"

"እንግዲያው የእናትሽን ነገር እርሺው" አለችኝ።

እልህ ያዘኝ፤ ዝቅ አላደረግኩትም።

ለእማዬ ምን ብዬ ልንገራት? እሁድ ከቸርች እስክትመለስ ጠብቄ ደወልኩ። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ።

"የምስራች ልጄ! ትዕግስት ፀንሳለች! ጌታ ይመስገን። እንግዲህ የእኔ መምጣት ይቅር፤ እኔ ካልሆንኩ ማን ይንከባከባታል?"

ከኋላዋ ትዕግስት "እማዬ፣ ጀርባዬን እሺልኝ" ስትል ይሰማኛል።

"እሰይ፣ እንኳን ደስ አላችሁ" አልኩ።

"ምነው፣ ደስ አላለሽም?"

"ቀናሁ፣ እማዬ።" በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱ አመለጠኝ።

"አይዞሽ የኔ ልጅ" አለችኝ በሚያባብል ድምፅ፣ "ለአንቺም ጌታ ልጅ ይሰጥሻል።"

እኔ መቼ ልጅ አማረኝ! "አሜን" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።