የዓሣ ውሃ ማጣሪያዬ በአረቄ ያስጠረጠረኝ ዕለት

ዛሬ ጠዋት አከራዬ ሐጂ በሬን አንኳኩተው «ግቢዬ ውስጥ አረቄ ታወጣለህ አሉኝ» አሉ።

ማን እንዳላቸው አልነገሩኝም። ወሬውን ካመኑት ግን ሮቤ ውስጥ ሌላ ቤት መፈለጌ ነው።

ሰበቡ ትናንት የገጠምኩት ማጣሪያ ነው። ዕፅዋት የተከልኩበት የዓሣ ገንዳ አለኝ። ከሥሩ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ሌላ የመስታወት ገንዳ አስገባሁ። ውሃው በቱቦ ይወርዳል፣ በስፖንጅና በጠጠር ይጣራል፣ ከዚያ ፓምፕ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ድምፁ ግን ሲንዶቆዶቅ ነው ያደረው።

አስገባኋቸው። ቱቦውን በዓይናቸው ተከትለው «ኩኒ ማሊ? ምንድነው ይሄ?» አሉ።

«የዓሣ ውሃ ነው፣ ሐጂ።»

«ታዲያ ለምን ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቅኸው?»

ወዲያው መብራት ጠፋ። ፓምፑ ሲቆም የላይኛው ውሃ ወደ ታች ወረደ፤ የታችኛው ገንዳ ሞልቶ እግራቸው ሥር ፈሰሰ። (ታች ትርፍ ቦታ መተው እንደነበረብኝ የገባኝ ያኔ ነው።)

ሐጂ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ነከሩና አሸተቱ። ፊታቸውን አኮማትረው «እውነትም ዓሣ ነው» አሉ።

ግን አልሄዱም። መብራት እስኪመጣ ተቀምጠው፣ ውሃው ወደ ላይ ሲመለስ ዓይተው ነው የተነሱት።

በሩ ላይ ደርሰው «በየሳምንቱ እየመጣሁ አያለሁ» አሉኝ። ዓሣውን ይሁን እኔን አልገባኝም። እኔም በተራዬ ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ መጠርጠር ጀምሬያለሁ።

እናንተስ ቤታችሁ ባለ ዕቃ ምን ተብላችሁ ተጠርጥራችኋል? ማንስ እንዳወራ ደረሳችሁበት?