በማለዳ የመጣ ደህና ወሬ

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ስልኬ ጮኸ። ባሕር ዳር ኮሌጅ የምትማረው የልጅ ልጄ ናት። «አባባ፣ ማደሪያችን ተቃጥሎ ነበር። እኔም የጎረቤታችን ልጅ ሰናይትም ደህና ነን። ለእናቷ ይንገሩልን፣ ስልኳን አታነሳም» አለችኝ። ከዘራዬን ይዤ እስከ ደጃፌ ወጣሁና ቆምሁ። ፍኖተ ሰላም ገና አልነቃችም። በዚህ ሰዓት የሰው በር አንኳኩቼ የልጅ ወሬ አልናገርም ብዬ ፀሐይ ልጠብቅ ቁጭ አልሁ። ጃጀ የሚለኝ ይበል፤ እኔ ምክንያት አለኝ።

በጣሊያን ጊዜ ቋሪት ውስጥ የቅኔ ተማሪ ነበርሁ። አብዛኞቻችን ከቤት ጠፍተን የመጣን ስለሆንን ወላጆቻችን የት እንዳለን የሚሰሙት በወሬ ወሬ ነበር። አንድ የጥቢ ቀን ወታደሮች መጥተው «አርበኛ ትሸሽጋላችሁ» ብለው ጎጆዎቻችንን አቃጠሉ። የሞተ የለም። ጓደኛዬ ጥበቡ ግን የመምህራችንን ዳዊት ሊያወጣ ተመልሶ ገብቶ እግሩ ተቃጠለ። ባላገሩ፣ እግዜር ይስጠውና፣ እኛን በየቤቱ ተካፍሎ አስጠለለን። ጥበቡንም አንዲት ባልቴት ቁስሉን ማር እየቀቡ ያስታምሙት ጀመር።

መምህራችን የኔታ ግን ዕረፍት አጡ። «ወሬ ከእሳት ይፈጥናል። እናቶቻችሁ አልቀዋል ብለው ተዝካር ሳያወጡ ድረሱላቸው» ብለው መራመድ የቻልነውን በየአቅጣጫው ላኩን። ለእኔ ከቡሬ ማዶ ያለችው የጥበቡ እናት ደረሰችኝ።

ልሄድ ስል ጥበቡ ጠራኝና «እናቴ እንዲሁ አታምንህም፣ ምልክት ንገራት» አለኝ። «ከቤት የጠፋሁ ለት ለልደት የጋገረችውን ድፎ የወሰድሁት እኔ ነኝ፤ ውሻው አይደለም በላት።»

የተማሪ ለምዴን ትቼ፣ ቡሬ ገበያ የሚወርዱ እስላም ነጋዴዎችን በቅሎ እየነዳሁ የጣሊያኖቹን ኬላ አለፍሁ። ሜዳው ኑግ አብቦ ቢጫ ሆኗል። ነጋዴዎቹ የባቄላ እሸት እየፈለፈሉ ያጎርሱኝ ነበር። ያንን እሸት ዛሬም አልረሳውም፤ የፈራ ሰው ሆዱ አይፈራም።

ሲመሽ መንደሩ ገባሁ። ያሳደሩኝ ሽማግሌ ነገሩን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ሆኖም «የልጅን ነገር ብቻህን ገብተህ አትነግራትም፣ ነውር ነው። ጠዋት በወጉ እንሄዳለን» አሉኝ። ወግ ሲሉኝ ምን እላለሁ?

ሲነጋጋ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ተከታትለን ሄድን። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት፣ እንዲያ ሆኖ የሚመጣ መርዶ ብቻ ነው። እናትየዋ በሩን ከፍታ አየችን። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እንዴት አደርሽ ልጄ። እንግዲህ ሁሉም በፈጣሪ እጅ ነው…» ሲሉ አላስጨረሰቻቸውም።

«ወየው ልጄን!» ብላ መሬት ላይ ወደቀች። ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ለቅሶው ቀለጠ። «ኧረ ደህና ነው!» ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ? አንዷማ እጄን ይዛ «አይዞህ ልጄ፣ አንተንም ያጥናህ» አለችኝ። እናትየዋ ጉንጯን በጥፍሯ ቦጭቃ ደሟ ይወርድ ጀመር። ደነገጥሁ፤ በሽማግሌዎቹም ተናደድሁ። ተንበርክኬ በጆሮዋ «ድፎውን የወሰደው ጥበቡ ነው! ውሻው አይደለም!» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ምን አልህ?»

«የልደቱን ድፎ። ምልክት ብሎ ነግሮኝ ነው። እግሩ ቆስሏል እንጂ በሕይወት አለ፣ እናቴ።»

«አይ ጥበቡ! ያን ውሻ ስንት ቀን አስራብሁት!» እያለቀሰች ሳቀች። ቀጥላ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «አባቶቼ፣ ክብረት ይስጥልኝ። ግን ደህና ነው ማለት ይህን ያህል ይከብዳል?»

ጥበቡ ድኖ ለፋሲካ አገሩ ገባ። ጉንጯን አይቶ «ምን ነካሽ?» ቢላት «ያንተ ደህና መሆን» አለችው አሉ። ጠባሳው አብሯት ተቀበረ።

ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ስትመታ ተነሣሁ። ወግ እወዳለሁ፤ ሰላምታ ሳያስረዝም ወሬ የሚጀምር ሰው አልወድም። ዛሬ ግን ከእነ ሰናይት አጥር ውጭ ሆኜ፣ እንዴት አደርሽ እንኳ ሳልል፣ «ሰናይት ደህና ናት!» ብዬ ጮህሁ።

እናቷ መጥረጊያዋን እንደያዘች ብቅ አለች። «ምነው አባባ፣ ምን ልትሆን ኖሯል?» አለችኝ እየሳቀች።

እሳቱን ያኔ ነገርኋት። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔ የማየው እጇን ነበር። መጥረጊያውን አጥብቆ ያዘ እንጂ ወደ ጉንጯ አልሄደም።