የአረፋ ዕለት ማርቲ የበላችው

ልጄ ምስጢር ለቡ ሰፈር ባለ አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ሊጥ ታቦካለች። ሳይነጋ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች። ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ልጇን ማርቲን ወደ መብራቱ አቅርባ ታያታለች። ማተቧ አንገቷ ላይ አለ? ምን በላች? የማታ ጸሎቷን አድርሳለች? ዓይኗ በድካም እየተከደነ እንኳ ሳትጠይቅ አትተኛም።

እንዲህ አልነበረችም። ባሏ ሲራክ በሕይወት ሳለ እሱ ይቆጣል፣ እሷ ታባብላለች። እሱ ካረፈ ወዲህ ቁጣውም እሷ ላይ ወደቀ፤ ማባበሉ ግን ጊዜ የሚፈልግ ነገር ሆነና ቀረ። «አባት የሌላት ልጅ ስድ ሆነች እንዳይሉኝ» ትላለች። እነማን እንደሚሉ ነግራኝ አታውቅም። እኔም በእሷ ዕድሜ የምፈራቸው ሰዎች ስም አልነበራቸውምና አልጠይቃትም።

መካኒሳ ያለው ግቢያችን ውስጥ ጎረቤታችን ሐሚዳ ናት። ባሏ ኑረዲን ሱቅ አለው። አስፋልት መሻገርም ልጅ ስጠብቅ መዋልም ለእኔ ጉልበት አይሆንም፤ ስለዚህ ማርቲን ከትምህርት ቤት ከልጆቿ ጋር የምታመጣት ሐሚዳ ናት። ምስጢር እስክትገባ ማርቲ እዚያው ትቆያለች። መክሰስ ትበላለች፣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ሥጋ ብቻ አይሰጧትም። ይህን ማንም ለማንም አላስረዳም። እኛ ክርስቲያን ያረደውን እንበላለን፣ እነሱ ሙስሊም ያረደውን፤ የቀረው ሁሉ የጋራ ነው።

ለአረፋ ሐሚዳ ለእኛ ለብቻ ዶሮ ትገዛ ነበር። ሲራክ በስመ አብ ብሎ ያርዳታል፣ ወጡ በእኛ ድስት ይሠራል፣ ማርቲም ከሐሚዳ ልጆች ጎን ተቀምጣ የራሷን ትበላለች። ዘንድሮ ዶሮ የሚያርድ ወንድ ቤታችን አልነበረም። ምስጢር ደግሞ የሰው ባል መለመን አልፈለገችም።

«ሽሮ ይበቃናል፣ አትቸገሪ» አለቻት።

ሐሚዳም ሽሮውን አሳምራ፣ ቅቤ ጨምራ ሠራችው። ግን ያው ሽሮ ነው።

ዳቦ ቤት በዓል አያውቅምና ምስጢር ያን ቀንም ስትሠራ ዋለች። ማታ ገና በሩን ስታልፍ ሐሚዳ የአረፋ ልብሷን እንደለበሰች ተከትላት ገባች።

«ሌላ ሰው ሳይነግርሽ እኔ ልንገርሽ። ማርቲ ሥጋ በላች።»

«የማንን?»

«የእኛን። ውሃ ላመጣ ዞር ስል ከልጆቹ ትሪ ላይ አነሳች። ወላሂ፣ ሽሮዋን ለብቻ አቅርቤላት ነበር።»

«ትንሽ ነው የበላሁት» አለች ማርቲ ከኋላዬ ተደብቃ። «ደግሞ ሳቁብኝ። የሽሮ ሙሽራ አሉኝ።»

እኔ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ምስጢር ግን አልሳቀችም። የልጅቷን አፍ በውሃ አጠበች፣ ከዚያ ፊቷን ሳታዞር «ከነገ ጀምሮ አታምጫት» አለች። ሐሚዳ ሻሿን አስተካከለች፣ ለእኔ ብቻ «ደህና እደሩ እማማ» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ማርቲን የሚያመጣት ሰው ስለሌለ ከትምህርት ቀረች፤ ምስጢር ይዛት ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደች። ባለቤቱ አቶ ሙሉሰው ክፉ ሰው አይደለም። ልጅቷን ከዱቄት ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣ ሲያገኛት ግን ምስጢርን ጠራት።

«እዚህ እሳት አለ፣ ማሽን አለ። ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን ምን ልል ነው? ነገም ይዘሻት ከመጣሽ አላስገባሽም።»

ስትመለስ በንስሐ አባቷ በኩል አለፈች። ማርቲ ገና ሰባት ስላልሞላት ንስሐ የለባትም፣ ጸበል አጠጫት አሏት።

«እኔስ አባ?»

«አንቺ ምን በላሽ?» አሏት።

ይህን የነገረችኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ቀሚሷ ዱቄት እንደነካው ነው። ስግደት ቢያዙላት ይሻላት ነበር፤ ሰግዳ ትጨርሰዋለች። አሁን የቀራት ሐሚዳ ዘንድ መሄድ ብቻ ሆነ። እኔን ደግፋ አብረን ገባን።

«ተናደሽብኛል» አለቻት ምስጢር።

«ተናድጃለሁ! ልጄ እናንተ ቤት ሥጋ ብትበላ እኔም እንዳንቺ ነው የምሆነው። ያናደደኝ እሱ አይደለም። ደብቄ ያበላኋት ይመስል ፊትሽን አዙረሽ ማባረርሽ ነው።»

«ደክሞኝ ነው ሐሚዳ።»

«እኔስ? የልጅ መንጋ በአስፋልት ላይ ስጎትት የምውለው ለመዝናናት ነው?»

«በድካም ከተወዳደራችሁማ እራት ሊያመልጠን ነው» አለ ኑረዲን ከጓዳ። ሐሚዳ ሳቀች። ምስጢርም ትንሽ ፈገግ አለች። ማርቲ እንደ ድሮው ከሐሚዳ ልጆች ጋር እንድትመጣ ተስማሙ።

እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ማርቲ ግን የተሰጣትን ሁሉ መጠየቅ ጀመረች። ዳቦ ሲሰጧት «ይሄስ ይፈቀድልኛል?» ትላለች። ውሃውን እንኳ ትጠይቃለች። ሐሚዳ ይህን እየሳቀች ነገረችኝ፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

አንድ ቀን በዳቦ ቤቱ መብራት ጠፍቶ ምስጢር በጊዜ መጣች። ሐሚዳ ቤት ስትገባ ልጆቹ ሙዝ ይበላሉ። ማርቲ የራሷን ሳትልጥ በሁለት እጇ ይዛ የሁሉንም አፍ ታያለች። እናቷን ስታይ ሙዙን ቶሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ምስጢር ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሙዙን ልጣ ገመጠችና የቀረውን ሰጠቻት።

«ብዪ። ሐሚዳ የምትሰጥሽን ብዪ።»

«ሥጋስ?»

«ሥጋ አይሆንም።»

«ለምን?»

ምስጢር ወደ ሐሚዳ ዞረች። ሐሚዳ ናት የመለሰችላት። «የእናንተ ቤት ሥጋ ለእኔም አይሆንልኝም።»

ማርቲ ዞራ አየቻት። «ለአንቺም? ትልቅ ሆነሽ?»

«ትልቅ ሆኜ። እናቴ ናት ያስተማረችኝ።»

«ሲያምርሽስ?»

«ሲያምረኝ ሙዝ እበላለሁ። ብዪ በቃ፣ ጠቆረኮ።»

ማርቲ በላች። ምስጢር ልጣጩን በእጇ እንደያዘች እዚያው ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሐሚዳ ልጣጩን ቀስ ብላ ተቀበለቻትና ልጆቹን ወደ ውጭ አስወጣቻቸው።