የአባዬ አራት ሞተሮች

አባዬ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲበር አንድም ቀን መሪ ጨብጦ አያውቅም። የበረራ መሐንዲስ ነበር። ከሁለቱ አብራሪዎች ጀርባ ተቀምጦ የአራቱን ባለፕሮፔለር ሞተሮች ሙቀት፣ ዘይትና ነዳጅ ይጠብቃል። "እነሱ መንገዱን ያያሉ፣ እኔ ሆዷን አያለሁ" ይል ነበር። በኋላ ሥራውን ኮምፒውተር ተረከበውና የእሱ ወንበር ተነቀለ። ከዚያ ሁሉ ዘመን ያተረፈው የደነቆረ ጆሮ ነው።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። እሱ ሲሄድ ሲመጣ፣ እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ስትጠብቀው ኖረች። "ጣውንቴ ባለ አራት ሞተር ናት" ትላለች። እየሳቀች ነው፤ ሳቋን ግን ሳትጨርስ ወደ ስፌቷ ታቀረቅራለች።

አምና ባሌ የበረራ ማስመሰያ ጨዋታ ኮምፒውተር ላይ ጫነለት። ያቺ የድሮ አውሮፕላኑ ከነመለኪያ ጌጆቿ አለችበት። አባዬ መነጽሩን አድርጎ ጠጋ አለና ስክሪኑን በጣቱ ነካ።

"ይሄ ምንድን ነው የሚለው?"

"የመሐንዲሱን ሥራ ኮምፒውተሩ ይሥራው ነው የሚለው፣ አባባ" አለ ባሌ ጮክ ብሎ።

"አጥፋው።"

"ይከብድዎታል እኮ…"

"አጥፋው አልኩህ! ከዚህም ሊያስወርዱኝ ነው?"

ከዚያ ወዲህ ምሳ በልቶ እዚያው ይተከላል። መብረሩን ለኮምፒውተሩ ትቶ ሞተሮቹን ብቻ ይይዛል። አንድ ነገር ግን እምቢ አለው። አራቱ ፕሮፔለሮች እኩል ካልዞሩ ድምፃቸው ዉ… ዉ… እያለ ይማታል፤ ያንን አጥርቶ የሚለየው ደግሞ ጌጅ ሳይሆን ጆሮ ነው። ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተው።

"ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል ሲሉ ነበር የማውቀው፤ አንተ ደግሞ ሳትሰማ እኛን አሳበድከን!" አለች እማዬ።

አባዬ ግን መዳፉን ስፒከሩ ላይ ጭኖ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ተቀምጧል።

እማዬ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ልክ ሞተሮቹ እንደሚሉት ትከሻውን መታ፣ መታ፣ መታ አደረገችው። ወዲያው ገባው። ስክሪኑ ላይ የሁለተኛውን ሞተር እጀታ ትንሽ ገፋ። መዳፏ ፈጠነ።

"ባሰበት!"

ወደኋላ መለሰው። መዳፏ ዘገየ። ደግሞ ዘገየ። ከዚያ ትከሻው ላይ ዝም ብሎ ቀረ።

"አንድ ሆኑ?" አላት፣ ከንፈሯን እያየ።

"አንድ ሆኑ። ዘይት እንደጠጣ የስፌት መኪና።" ትንሽ አዳመጠች። "ይሄን ስትሰማ ነው የኖርከው?"

"አዎ።"

"እኔ ደግሞ የበሩን ድምፅ" አለች፣ ወደ መስኮቱ ዞራ። አባዬ ከንፈሯን ይይ አይይ አላወቅሁም።

"አሁን የት ደርሰናል?" አለችው ዞር ብላ።

"ባሕሩ ላይ ነን። ገና ሰባት ሰዓት ይቀረናል።"

እማዬ የስፌት መኪናዋ ላይ የተንጠለጠለውን ጠርዙ ያልተዘመዘመ ቀሚስ አየችው። ባለቤትየዋ ነገ ጠዋት ትመጣለች።

"ቆይ፣ ጫማዬን ላውልቅ" አለች።