ከሹሩባው መሀል የተነሳችው ልጅ

ጸጉር ሠሪዋ ልብ ወለድ ትጽፋለች። ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው ካለ፣ ጸጉሩን ራሱ በመቀስ የሚቆርጥ መሆን አለበት። የምትጽፈው ለአፍላ ልጆች ነው፤ የሚገመግሙላትም እነሱው ናቸው። ሹሩባ ጊዜ ስለሚፈጅ፣ ተራዋን የምትጠብቅ አንዷ ረቂቁን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ጸጉር ሠሪዋ ደግሞ በእጇ የያዘችውን ጭንቅላት ታዳምጣለች። ጭንቅላቱ ረጋ ካለ ምዕራፉ ይዟል ማለት ነው። ከተቁነጠነጠ ግን «ሰርዢው እሱን ገጽ!» ትላለች ማበጠሪያዋን ቀስራ። ከፍሎ የሚገመግም ሃያሲ ከሷ ሌላ የትኛው ደራሲ አለው?

በዚያ ሰሞን የያዘችው መጽሐፍ ስለ አንድ የኳስ ሜዳ ነበር። ከንቲባው ሜዳውን አጥሮ የገበያ ሕንፃ ሊያቆምበት ይነሳል፤ አንዲት በረኛ ደግሞ «ሞቼ እገኛለሁ!» ብላ ትገግማለች። የሰፈሩም ሜዳ በዚያው ሳምንት በእውነተኛው ከንቲባ ትእዛዝ የአጥር ቆርቆሮ ተራግፎበት ስለነበር፣ ሴትዮዋ ብዙ አልፈጠረችም። ያስቸገራት መጨረሻው ነው። በረኛዋ ምን ብላ ታሸንፍ? ደጋግማ ጻፈችው፣ ጭንቅላቶቹም ደጋግመው ተቁነጠነጡ። መጨረሻ የሌለው መጽሐፍ ደግሞ ለማተሚያ ቤት አይሰጥም።

ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት ጸጉረ ብዙ፣ ዝምተኛ ልጅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አንባቢዋ የጸጉር ሠሪዋ የእህት ልጅ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ማንበብ ሳይሆን መተወን ነው የምታውቀው። ሆዷን ነፍታ፣ ድምጿን አጎርንና «'እናንተ ውርጋጦች! ሜዳውን ሰልቅጬ ነው የምበላው!' አለ ከንቲባው ቦርጩን እያሻሸ» ስትል ቤቱ በሳቅ አወካ።

ልጅቷ ብድግ አለች። የጸጉሯ ግማሽ ተሠርቷል፣ ግማሹ እንደቆመ ነው። «አባቴ እንደዚህ አይናገርም» ብላ ማበጠሪያው ጸጉሯ ላይ እንደተሰካ ወጥታ ሄደች።

«የከንቲባው ልጅ እኮ ናት፣ ከኛ ጋር ነው የምትማረው» አለች የእህት ልጅ፣ ቀስ ብላ።

«ታዲያ ምነው እስካሁን አፍሽን ያዝሽ?»

«ምዕራፉ ጥሞኝ ነበራ!»

ጸጉር ሠሪዋ ክው አለች። ከንቲባውን ፈርታ አይደለም፤ እሱስ ቢመጣ የምትለው አላት። በእጇ ያለችን ልጅ በአባቷ ማሳቀቋ ነው ያሳፈራት። ያን ቀን የሠራችው ሹሩባ ሁሉ ተጣመመ።

በማግስቱ ልጅቷ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ጠምጥማ መጣች።

«ነይ የኔ ልጅ፣ ግማሹን ልጨርስልሽ» አለች ጸጉር ሠሪዋ ተሽቀዳድማ።

«መጀመሪያ ያንን ምዕራፍ ያስተካክሉት፣ እትዬ። አባቴ ጮኾ አያውቅም። ማንም ምን ቢጠይቀው ፈገግ ብሎ 'እናያለን' ይላል። ከዚያ አያይም።»

ለጸጉር ሠሪዋ አሁን በራላት። ያን ሁሉ ጊዜ ጩኸት ስትጽፍ ከርማ፣ ለካ ሜዳ የሚወስደው ፈገግ የሚለው ሰው ነው!

«ቦርጩስ?» ብላ ጠየቀች።

«ቦርጭ አለው። እሱን ይተዉት» አለች ልጅቷ፤ ሁለቱም ሳቅ አመለጣቸው።

«እሺ፣ በረኛዋ ምን ትበለው ታዲያ?»

ልጅቷ አሰብ አደረገች። «በረኛዋ የራሱ ልጅ ትሁን። ሌላውን ሰው 'እናያለን' ብሎ ይሸኛል። እሷን ግን የት ይሸኛታል? ቤቱ ነው እኮ የምትኖረው!»

ጸጉር ሠሪዋ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፤ የልጅቷን ግንባር እምጷ አድርጋ ሳመችው። «እና ምን ትለዋለች?»

«'አባዬ፣ እዚያ ሜዳ ላይ እኔም ነኝ የምጫወተው። መቼ ነው የምታየው? ቀኑን ንገረኝ' ትለዋለች።»

«እሱስ ምን ይመልሳል?»

«እሱን እንጃ።»

ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ የቀረውም ሹሩባ አለቀ። ልጅቷ መስተዋቱ ፊት ዞር ዞር ብላ ራሷን አየችና ሻሿን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«ዛሬ ራት ላይ እጠይቀዋለሁ። የሚመልሰውን ነገ መጥቼ እነግርዎታለሁ፣ እርስዎ ይጽፉታል።»

«ኧረ እንዳትፈሪ ብቻ!»

«እሱ ይፍራ!» አለችና ወደ ቤቷ ገሰገሰች።

ጸጉር ሠሪዋ የመጨረሻውን ገጽ ባዶውን ተወችው። እንደዚያን ቀን ለነገ ጓጉታ አታውቅም።